የዱር እንስሳ ከፎቶ ነው ወይስ በዓይን እያዩ የሚነደፈው? ጎንደር ሆናችሁ ሁለቱን የምታጣምሩበት መንገድ

"ከፎቶ ብሥል ችግር አለው?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚሁ ጎንደር ያሉ ጀማሪዎች ናቸው። ዋልያና ጭላዳ መሣል ይፈልጋሉ። እንስሳቱ ያሉት ስሜን ተራራ ላይ ነው፤ እጃቸው ላይ ያለው ደግሞ ስልክ ብቻ። ስለዚህ አንድ ፎቶ ያወርዱና መስመር በመስመር ይቀዱታል። ሲጨርሱ ሁሉም ነገር በቦታው አለ፤ እንስሳው ግን ሕይወት የለውም። ጥያቄው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

መልሱ አጭር ነው። ከፎቶ መሣል ምንም ነውር የለውም። ነገር ግን ዓይናችሁና ፎቶው የሚሠሩት የተለያየ ሥራ ነው። አቋቋሙን፣ ክብደቱ የት እንዳረፈና አንገቱ እንዴት እንደሚዞር በዓይናችሁ አይታችሁ ያዙ። የቀንዱን ቋጠሮ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ፣ የሰኮናውን ስንጥቅ ከፎቶ ውሰዱ። መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ፎቶ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ንድፉ ይደርቃል። ከዚህ በታች ያለው ይህን በተግባር የምትሠሩበት መንገድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤችቢ፣ 2ቢ እና 4ቢ እርሳስ። ኤችቢው ለቀጭን መስመር፣ 4ቢው ለጥላ ነው። 4ቢ ካጣችሁ 2ቢውን ጫን እያላችሁ ተጠቀሙ።
- ቢክ እስክሪብቶ። ውጭ ወጥታችሁ ለምትሠሩት ፈጣን ንድፍ ከእርሳስ ይሻላል። ስለማይጠፋ እጃችሁ ወደ ላጲስ አይሄድም።
- መስመር የሌለው ኤ4 ወረቀትና ወፍራም ካርቶን። ወረቀቱን ካርቶኑ ላይ በክሊፕ ያዙት። ውድ ስኬች ቡክ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ውድ ወረቀት ጀማሪን ያስፈራል፣ እጅ ይይዛል።
- ላጲስ፣ መቅረጫና ማስመሪያ። እነዚህ ቤት ይቀመጡ። መቅረጫውን ብቻ ይዛችሁ ውጡ።
- ካሜራ ያለው ስልክ።
- ባይናኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር)፣ ከተገኘ። ከሌለ ቀረብ የሚሉ እንስሳትን ምረጡ።
- ኮፍያና ውሃ። ወደ ስሜን ከሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት። ጣት ሲደነዝዝ መስመር አይታዘዝም።

የት ልቀመጥ?

ከከተማ ሳትወጡ ብዙ መሥራት ትችላላችሁ። ቅዳሜ ገበያ ፍየልና አህያ አለ። ሥጋ ቤቶች አካባቢ ጭልፊት ያንዣብባል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢና ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ወፍ አያጡም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትቀመጡ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ቅዳሴ ላይ ከሆነ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

ለጭላዳ፣ ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ደባርቅ መሄድ ያስፈልጋል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ካለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ከፍላችሁ፣ ስካውት (የፓርኩ ጥበቃ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ጭላዳ ከመግቢያው ብዙም ሳትርቁ ቡይት ራስ አካባቢ ይገኛል። ዋልያ ለማየት ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ወደሚባለው ቦታ መዝለቅ ይሻላል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ሰዓት ምረጡ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከጎን የመጣ ብርሃን የጎድንን፣ የትከሻንና የዳሌን ቅርጽ ለይቶ ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ነች። ጀርባው ይነጣል፣ ሆዱ ይጠቁራል፣ በመካከል ያለው ቅርጽ ይጠፋል።

ክፍል አንድ፦ በዓይን እያዩ

1. የእንስሳውን ዘመድ ሠፈራችሁ ውስጥ ፈልጉ። ዋልያ የፍየል ወገን ነው። አጥንቱ፣ መገጣጠሚያው፣ ሰኮናው የፍየል ነው። ቀይ ቀበሮ የውሻ ወገን ነው፤ አፉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ እግሩም ረጅም ነው እንጂ አካሄዱ የውሻ ነው። ጥንብ አንሳን ለመሣል የሚያስብ ሰው በጭልፊት ክንፍ ይጀምር። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ስሜን ሲደርስ አንድም መስመር ሳያሰምር እንስሳው ገደል ይወርድበታል። እጁ ገና የእግሩን አሠራር አያውቅማ። ለጀማሪ ከፍየል የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ትበላለች፣ ትቆማለች፣ ትተኛለች፣ ብዙ አትርቅም፣ ሰውም አትፈራም።

2. አሥር ደቂቃ ያህል ሳትሥሉ ተመልከቱ። ወረቀቱ ጭናችሁ ላይ ይሁን፣ እስክሪብቶው ግን አይነሣ። እንስሳ የሚደጋግማቸው ጥቂት አቋቋሞች አሉት። የምትፈልጉት እነሱን ነው። ጭላዳ ሣር የሚበላው ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ እየነጨ ነው። ሲንቀሳቀስም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ይህን ካያችሁ በኋላ ቢዞርባችሁም አትደነግጡም፤ ተመልሶ እንደዚያው ይቀመጣል። ለዚህ ነው ጭላዳ ከዱር እንስሳት ሁሉ ለንድፍ የሚመቸው።

3. የጀርባውን መስመር ብቻ አስቀምጡ። ከጭንቅላት ጀምራችሁ በአንገት፣ በጀርባ አድርጋችሁ እስከ ጅራት አንድ መስመር ሳቡ። 30 ሰከንድ ይበቃል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ፀጉር የለም። የፍየል ጀርባ ትከሻና ዳሌ ላይ ከፍ ብሎ መካከሉ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ያህል ረገብ ይላል። ያ ርግበት ካልተያዘ በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ አያድነውም። ከዚያ ሦስት እንቁላል ቅርጾች አክሉ፤ አንዱ ለጭንቅላት፣ አንዱ ለደረት፣ አንዱ ለዳሌ። የደረቱን ከዳሌው ተለቅ አድርጉት፤ ሳንባው ያለው እዚያ ነው። ለእግሮቹ አንድ አንድ መስመር ይበቃል።

4. አንድ ወረቀት ላይ ብዙ ጀምሩ። ፍየሏ ከዞረች አትከተሏት። ያንን ትታችሁ አጠገቡ አዲሱን አቋቋም ጀምሩ። ወደ መጀመሪያው ስትመለስ እናንተም ተመለሱና ቀጥሉ። አንድ ገጽ ላይ ስድስት ሰባት ያላለቁ ንድፎች መኖራቸው ደንበኛ ነው። አዲስ ሰው ሲያያቸው ጭረት ይመስሉታል፤ ቤት ስትገቡ ግን ከሁሉም በላይ የሚያገለግሏችሁ እነሱ ናቸው። ላጲስ ቤት ይቅር ያልኩት ለዚህ ነው። የተሳሳተውን መስመር ስታጠፉ እንስሳው ይሄዳል። የተስተካከለውን አጠገቡ ድገሙት።

5. ለካ፣ ለካ አድርጉ። እንስሳው ለአፍታ ሲቆም ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣታችሁ የጭንቅላቱን ርዝመት ያዙ። ከዚያ ሰውነቱ ስንት ጭንቅላት እንደሚሆን ቁጠሩ። ክንዳችሁ ከታጠፈ ልኬቱ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ክርን አይታጠፍ። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ። ጀማሪ ሁልጊዜ ጭንቅላትን ያገዝፋል። ፊት ስለሚስበን ነው። ቁጥሩ ከዚህ ያድናችኋል።

6. መገጣጠሚያዎቹን በነጥብ ምልክት አድርጉ። የፍየል፣ የውሻ፣ የአህያ የኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ የሚመስለው "ጉልበት" ጉልበት አይደለም። ተረከዝ ነው። እንስሳቱ የሚራመዱት በጣታቸው ነው፤ ተረከዛቸው ከመሬት ከፍ ብሎ ቀርቷል። እውነተኛው ጉልበት ከላይ ሆዱ አጠገብ ነው፤ እንደ እኛ ወደ ፊት ይታጠፋል። ወፍም እንደዚሁ ነው፤ ጉልበቷ ላባ ውስጥ ተሸፍኗል፣ የምታዩት ቁርጭምጭሚቷን ነው። ይህን ያወቀ ሰው እግሩን በተሳሳተ ቦታ አያጥፍም።

የፊት እግር ላይ ሌላ ነገር አለ። ፍየልና ዋልያ እንደ እኛ ትከሻን ከደረት የሚያያይዝ አጥንት የላቸውም። የትከሻው አጥንት በጡንቻ ነው የተያዘው። ስለዚህ ሲራመዱ ትከሻቸው ከጀርባው መስመር በላይ ብቅ፣ ጥልቅ ይላል። ፎቶ ላይ ይህ ያለቦታው የበቀለ እብጠት ይመስላል፣ ሰውም ያስተካከለ መስሎት ያጠፋዋል። በዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ ካያችሁት ግን አትነኩትም።

7. ማስታወሻ ጻፉ። ንድፉ አጠገብ በቃላት፦ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ሰዓቱ፣ ቀለሙ፣ ምን እያደረገ እንደነበር። "ግራ እግሩ ላይ ተደግፏል"፣ "ፀጉሩ ጫፉ ላይ ወርቃማ፣ ሥሩ ቡናማ" ያህል ይበቃል። ካሜራ ቀለምን ይለውጣል፤ ነጭ ፍየል ግራጫ፣ ጥቁር ፍየል ቅርጽ የሌለው ጥቁር ታወጣለች። የናንተ ማስታወሻ ከስልኩ የበለጠ የሚታመነው እዚህ ላይ ነው።

ክፍል ሁለት፦ ለንድፍ የሚሆን ፎቶ

8. ራሳችሁ አንሡ፤ ግን ንድፉን ከሠራችሁ በኋላ። አስቀድማችሁ ስልክ ካወጣችሁ "ፎቶው አለ" ብሎ ዓይናችሁ ይሰንፋል። ስታነሡ እነዚህን ጠብቁ፦

- በጣም አትጠጉ። ስልክ በቅርብ ሲያነሣ ለሌንሱ የቀረበውን ያገዝፋል። የፍየሏ አፍንጫ ድንች ያህል ይሆናል፣ ዳሌዋ ይኮሰምናል። ራቅ ብላችሁ በመጠኑ ዙም አድርጉ። ከልክ ያለፈ የስልክ ዙም ደግሞ ፀጉሩን ያደበዝዘዋል።
- ቁመታችሁን ከእንስሳው ዓይን ጋር አስተካክሉ፤ በርከክ በሉ። ቆማችሁ ወደ ታች ካነሣችሁ እግሩ ያጥራል።
- አንድ ብቻ አታንሡ። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ አንሡ። እግሩን፣ ጆሮውን፣ ጅራቱን ለየብቻ አንሡ። ሣር የሸፈነውን ሰኮና በኋላ ከየትም አታመጡትም።

ከሩቅ በትልቅ ሌንስ የተነሣ ፎቶ ሌላ ጠባይ አለው። ወደ እናንተ ፊቱን ያዞረ እንስሳ ደረቱና ዳሌው የተጣበቁ ይመስላሉ፤ በመካከል ያለው ርዝመት ይዋጣል። የስሜን ፎቶዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ከእነሱ ስትሠሩ ከጎን የተነሣውን መምረጥ ይሻላል።

9. የሌላ ሰው ፎቶ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። ለልምምድ ቤታችሁ ብትነድፉት ችግር የለውም። የምትሸጡት፣ ለውድድር የምታስገቡት ወይም በስማችሁ የምትለጥፉት ከሆነ ግን ፎቶ አንሺውን አስፈቅዱ፣ ስሙንም ጥቀሱ። ሰውየው ያን ፎቶ ለማግኘት ብርድ ላይ ውሏል። ሦስት አራት ፎቶ አይታችሁ የራሳችሁን አቋቋም ከፈጠራችሁ ደግሞ ሥራው በእርግጥ የእናንተ ይሆናል።

10. ፎቶውን ደብቁና ከንድፋችሁ ጀምሩ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም ይህ ነው። ከውጭ ካመጣችኋቸው ንድፎች አንዱን ምረጡ። አዲስ ወረቀት ላይ አተልቃችሁ በኤችቢ በስሱ ሥሩት። የጀርባው መስመር፣ ሦስቱ እንቁላሎች፣ መገጣጠሚያዎቹ፣ የቆጠራችሁት የጭንቅላት ልክ። ይህ እስኪያልቅ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ስልኩ አጠገባችሁ ካለ እጃችሁ ሳታውቁት የፎቶውን ዙሪያ መቅዳት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እንስሳው ካሜራው ባቆመው ቅጽበት ላይ ደርቆ ይቀራል።

11. አሁን ፎቶውን አምጡ፤ ጥያቄ ይዛችሁ። ዝም ብላችሁ አትዩት። "ቀንዱ የሚበቅለው ከዓይኑ በላይ የት ጋ ነው?" "ጆሮው ከቀንዱ ኋላ ነው ወይስ ከሥሩ?" እያላችሁ አንድ በአንድ መልሱን ፈልጉ። የወንድ ዋልያ ቀንድ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ከቀንዱ የፊት ገጽ ላይ ቋጠሮ አለው፤ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የሴቷ አጭርና ቀጭን ነው። ወንዱ ጢም አለው። ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለ፤ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፤ ወንዱ ትከሻው ላይ ትልቅ ጎፈር አለው። ጎፈሩ ስለሚሸፍነው ከሥሩ ያለውን ትከሻ የምታውቁት ከራሳችሁ ንድፍ ብቻ ነው። ወፎችን ስትሠሩ ጅራት ተመልከቱ። የጭልፊት ጅራት ጫፉ ሹካ ነው። አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው ጢማም አሞራ ጅራቱ ረጅምና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። የአብዛኞቹ ሌሎች ጥንብ አንሳዎች ጅራት ግን አጭር ነው።

ፊት ወይም ቀንድ በጣም ካስቸገረ ካሬ ተጠቀሙ። ፎቶውን ፎቶ ኮፒ አስደርጉ፤ ኮፒው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወረቀታችሁ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ካሬ አስምሩ። እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ስትሠሩ በእጥፍ ያድጋል። ለከባዱ ክፍል ብቻ ነው ግን። ሙሉውን እንስሳ በካሬ ከሠራችሁት ክፍል አንድን በከንቱ ደከማችሁ።

12. ጥላውን በራሳችሁ ማስታወሻ ስጡ። መጀመሪያ ብርሃን የመታውንና ያልመታውን ለዩ። ያልመታውን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀላል ግራጫ አልብሱት። ጨለማውን ለመጨረሻ አቆዩ፤ የሆድ ሥር፣ የብብት፣ የዓይን ብሌን። ፎቶው ላይ ድፍን ጥቁር የሆነውን ቦታ ድፍን ጥቁር አታድርጉት። በዓይን ስታዩት ውስጡ ቅርጽ ነበረው፤ ማስታወሻችሁም ይናገራል። ፀጉርን አንድ በአንድ አትሠሩ። ብርሃኑና ጥላው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ብቻ ጥቂት ጭረት ስትጨምሩ የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

13. ገልብጣችሁ እዩት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሡና ከጀርባው ተመልከቱ፣ ወይም መስታወት ፊት ያዙት። ዓይን የለመደውን ስሕተት አያይም፤ ሲገለበጥ ያጋደለው ቀንድና ያጠረው እግር ወዲያው ይታያል።

ስሜን መሄድ ካልቻልኩስ?

ቪዲዮ ተጠቀሙ። ዩቲዩብ ላይ የጭላዳና የዋልያ ቪዲዮ ሞልቷል። ዋናው ነገር እንዳታቆሙት ነው። እየሄደ እያለ ንደፉ፤ ከደረጃ 2 እስከ 6 ያለውን እንዳለ ሥሩበት። ካቆማችሁት ፎቶ ሆነ ማለት ነው። ካሜራው ቶሎ ቶሎ የማይቀያየርበትን ረጅም ቪዲዮ ምረጡ። ድምፁን ዝጉት፤ ተራኪው ዓይናችሁን ወደ ሌላ ይወስዳል። ይህ በአካል ማየትን አይተካም፤ የርቀትና የክብደት ስሜቱ ይጎድላል። ከአንድ ፎቶ ግን እጅግ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ሌሊት ለሚወጣው ጅብም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለንድፍ ብላችሁ ሌሊት አትውጡ።

ጥንቃቄ

- ለጭላዳ ምግብ አትስጡ። ከሰው መቀበል ከለመደ መንጠቅ ይጀምራል። መንጋው መካከልም አትቀመጡ፤ ጥግ ይዛችሁ ወደ እናንተ ይምጣ።
- ስሜን ላይ ስትነድፉ ገደል ጫፍ አትቀመጡ። ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ነው፣ እግራችሁን ትረሳላችሁ። ስካውቱ ያሳያችሁ ቦታ ላይ ሁኑ።
- ጎጆ ላይ ያለች ወፍ አጠገብ አትሂዱ። ከተነሣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል ወይም ቁራ ይወስደዋል።
- የማታውቁትን ውሻ ከሩቅ ንደፉ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም።
- ባይናኩላርና ካሜራ ወደ ሰው ቤት ወይም ጥበቃ ወዳለበት ግቢ አታዙሩ። ገበያ ውስጥ የፍየሉን ባለቤት ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ። "እንሥላት?" ካላችሁት ብዙ ጊዜ ራሱ ይዞ ያቆምላችኋል።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

- ከእንስሳው ዓይን መጀመር። ዓይኑ ያምራል፣ ሰውነቱ ግን ወረቀቱ አይበቃውም። ከጀርባ ጀምሩ።
- ፎቶ ላይ ወረቀት አድርጎ መቅዳት። የሌንሱን ስሕተት አብራችሁ ትቀዳላችሁ፤ እጃችሁም ምንም አይማርም።
- አራቱንም እግር አንድ መስመር ላይ ማቆም። ከእናንተ የራቁት እግሮች ወረቀቱ ላይ ትንሽ ከፍ ብለው ያርፋሉ። አለበለዚያ እንስሳው መሬት ላይ የቆመ አይመስልም።
- ዙሪያውን እኩል ወፍራም ማድረግ። ክብደት ያለበትን፣ ሆድና ሰኮና ሥር፣ አወፍሩ። ብርሃን የመታውን ጀርባ አሳሱ፤ አንዳንድ ቦታም ተዉት።
- የውጭ ንድፍን መጣል። ቀንና ቦታ ጽፋችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። በ4ቢ የተሠራ ከሆነ በመካከል ባዶ ወረቀት አድርጉ፣ አለበለዚያ ይተላለፋል።